«ቡፌውን ትንሽ ፈቀቅ ታደርጉልኛላችሁ?»

ባንኩ የላከው መሐንዲስ ዕድሜው ከሠላሳ የማይዘል፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ልጅ ነበር። ጫማውን በር ላይ አራግፎ ገባ። የቀረበለትን ቡና «አመሰግናለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ መለሰ። ሳሎኑን በዓይኑ አንዴ ዞረውና ከግድግዳው ተጠግቶ የቆመውን ትልቅ ቡፌ እያየ፣ «ይቅርታ፣ ቡፌውን ትንሽ ፈቀቅ ታደርጉልኛላችሁ?» አለ።

የቤቱ ባለቤት መልስ አልሰጡም። ባለቤቴና መሐንዲሱ ተጋግዘው ገፉት። ከኋላው፣ ከኮርኒሱ ጥግ ተነስቶ እስከ ወለሉ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ ነበር። መሐንዲሱ የእስክሪብቶውን ጫፍ ከተተበት። ገባ።

እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ግድግዳው አልነበረም። ያሰብኩት ከአሥራ ስምንት ቀን በፊት ለእኚህ ሰው ቆጥረን ስለሰጠነው 250 ሺህ ብር ነው።

ይህን ታሪክ ለሰው መናገር አልወድም ነበር። የገዛ ስህተትን ማውራት ደስ አይልም፤ ባለቤቴም «ገበናችን ነው» ይላል። ባለፈው ወር ግን አብራን የምታስተምር አንዲት ወጣት መምህርት የመምህራን ክፍል ውስጥ ፊቷ በርቶ፣ «ነገ ቀብድ ልንከፍል ነው» አለችን። «ቤቱን ማን አየላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት። «እኛው ነና! ሁለቴ አይተነዋል» አለች። እኛም ሁለቴ አይተነው ነበር። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ቤት ያለን ቤት ፈላጊዎች

በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ እኛ ቤት አልባ አልነበርንም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ዕዳው ተከፍሎ ያለቀ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነበረን። ለመሸጥ ያነሳሳን የእናቴ ጉልበት ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ደረጃ መውጣት የማይታሰብ ሆነባት። ከወንድሜ ጋር ነው የምትኖረው፤ የወንድሜ ቤት ደግሞ ጠባብ ነው። «አንድ ክፍል ምድር ላይ ብትኖረኝ፣ ፀሐይ የምሞቅባት በረንዳ ብትኖረኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» ትል ነበር። ይቺን ንግግር ስንት ሌሊት ስገላብጣት አድሬያለሁ።

ደላላው ያሳየን ቤት ሰሚት አካባቢ ያለ የማኅበር ቤት ነው። ካርታው ላይ ስፋቱ 105 ካሬ ሜትር ነው። ምድር ቤቱ ሁለት መኝታና ሳሎን አለው። ከኋላ ማድ ቤትና ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉት። ዋጋው 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር። አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ በሩ ላይ ጽጌረዳ አለ። ሻጩ ጡረታ የወጡ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው ናቸው። «ሁለቱ ሰርቪሶች በወር አምስት ሺህ ብር ያስገባሉ ልጄ፤ ለባንኩ ዕዳ ይደግፋችኋል» አሉኝ። እኔም አምስቱን ሺህ በልቤ ጻፍኩት።

ሒሳባችን እንዲህ ነበር። ኮንዶሚኒየማችንን በ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ሸጥን። የሽያጩን ግብር ገዢው ሊችል ተስማማን፤ እኛ ለደላላ ሁለት በመቶ፣ 24 ሺህ ብር ከፍለን 1 ሚሊዮን 176 ሺህ ቀረን። ከቁጠባና ከእቁብ 280 ሺህ ነበረን። ሜሪላንድ ያለችው የባለቤቴ እህት 150 ሺህ ላከችልን። ድምሩ 1 ሚሊዮን 606 ሺህ ሆነ። ከቤቱ ዋጋ ሌላ ለስም ማዛወሪያ አራት በመቶ፣ ለቴምብር ቀረጥ ሁለት በመቶ፣ ለደላላ ሁለት በመቶ ሲደመር የሚያስፈልገን 2 ሚሊዮን 808 ሺህ ነበር። የጎደለንን 1 ሚሊዮን 202 ሺህ ከባንክ እንበደራለን፤ በወር ወደ 16 ሺህ እንከፍላለን። የሁለታችን ደመወዝ 31 ሺህ ነው። ይከብዳል፣ ግን ይቻላል አልን።

የአርባ አምስት ቀን ውል

ውሉ የተጻፈው ደላላው ቢሮ ውስጥ ነው። ገጹ አንድ፣ ቃሉ ጥቂት። ገዢ በ45 ቀን ውስጥ ቀሪውን ገንዘብ ካልከፈለ ቀብዱ ለሻጭ ይቀራል፤ ሻጭ ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። እኔ «ባንኩ ባይፈቅድስ?» አልኩ። ደላላው ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ካርታ ያለው ቤት ባንክ እንዴት አይፈቅድም?» አለ። ሰው ሲስቅብኝ ማፈር ልማዴ ነው፤ ፈረምኩ።

ይህ የቀብድ ደንብ የደላላ ፈጠራ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1885 ያስቀመጠው ነው። ቀብድ የሰጠ ሰው የሰጠውን ለቅቆ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ የተቀበለ ደግሞ እጥፉን መልሶ መውጣት ይችላል። ነገር ግን ሕጉ ይህን ሁሉ የሚለው ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብንጨምር ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ያን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ኮንዶሚኒየማችንን የገዛው ሰው ቶሎ እንድንለቅለት ፈለገ። በጥቅምት ዕቃችንን ጭነን በወር 7 ሺህ ብር ኪራይ ቤት ገባን። «ለሁለት ወር ነው» አልናቸው ልጆቹን።

መሐንዲሱ ያያቸው ሦስት ነገሮች

ወደዚያ ቀን ልመልሳችሁ። መሐንዲሱ ስንጥቁን ፎቶ አንስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ሜትሩን ዘርግቶ ባለቤቴን አንዱን ጫፍ አስያዘው። ለካ። ደግሞ ለካ። ካርታውን አየ።

መጀመሪያ ያገኘው ነገር ስፋቱ ነው። ካርታው 105 ካሬ ይላል፤ አጥሩ የከበበው ግን 118 ካሬ ነው። የኋላው አጥር ለመተላለፊያ ወደተተወው ቦታ ተገፍቷል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር አንድ ሰው ሊያስተላልፍ የሚችለው ካርታው ላይ የተጻፈለትን ይዞታ ብቻ ነው። 13ቱ ካሬ የሻጩ አልነበረም፤ የእኛም ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ማድ ቤቱና ሁለቱ ሰርቪሶች ናቸው። በጸደቀው ፕላን ላይ የሉም፤ የግንባታ ፈቃድ የላቸውም። ግማሽ አካላቸው ያረፈው በዚያው በተገፋው ቦታ ላይ ነው። በልቤ የጻፍኩት አምስት ሺህ ብር የሚመጣው ከእነዚህ ክፍሎች ነበር።

ሦስተኛው ስንጥቁ ነው። ባንኩ ለቤቱ የሰጠው ግምት በሳምንቱ ደረሰን፤ 1 ሚሊዮን 310 ሺህ ብር። ባንኩ ከግምቱ ሰባ በመቶ ነው የሚያበድረው፤ ይህም 917 ሺህ ብር ነው። በዚያ ላይ በፕላኑ የሌለው ግንባታ ፈቃድ ካላገኘ ወይም ካልፈረሰ ብድሩ አይለቀቅም አሉን። የብድር ክፍሏ ሠራተኛ ተናድጄ ሳያት በትዕግሥት አስረዳችኝ። «እትዬ፣ ለእኛ ቤቱ መያዣ ነው። ነገ ዕዳው ባይከፈል በሐራጅ የምንሸጠው እሱን ነው። ሕጋዊ ያልሆነ ክፍል ለማን እንሸጣለን?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ባንኩ ለራሱ ገንዘብ ያደረገውን ጥንቃቄ እኛ ለራሳችን ገንዘብ አላደረግንም።

የራሳችንን መሐንዲስ ያመጣነው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። የወንድሜ ጓደኛ የጠቆመን አንድ ጎልማሳ ባለሙያ 5 ሺህ ብር ተከፍሎት መጣ። የቤቱን ጥግ አስቆፍሮ አየ። «አፈሩ ጥቁር ነው» አለን። ጥቁር አፈር ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይሰበሰባል። መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠንካራ መሬት ካልያዘ ቤቱ በየዓመቱ ከአፈሩ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ግድግዳውም በሰያፍ ይሰነጠቃል። «በሲሚንቶ ብትደፍኑት በሚቀጥለው ዓመት ይከፈታል። የኋላው መሠረት መጠናከር፣ የጣሪያው ውኃም ከግድግዳው መራቅ አለበት» አለ። ወጪውን ወደ 320 ሺህ ብር ገመተው።

ያን ሌሊት ባለቤቴና እኔ የልጃችንን ደብተር ቀደን ስንደምር አመሸን። ባንኩ የቀነሰው 285 ሺህ፤ ጥገናው 320 ሺህ። በአንድ ላይ 605 ሺህ ብር። ይህም ማድ ቤቱን ማፍረስና ሌላ መሥራት ሳይቆጠር ነው።

ባለቤቴ «ከጓደኞቼ እበደራለሁ፤ 250 ሺህ ብር ሜዳ ላይ አንጥልም» አለ። እኔ «ሁለት መቶ ሃምሳውን ለማትረፍ ስድስት መቶ ልንጨምር?» አልኩ። በትዳራችን እንደዚያ ሌሊት ተነጋግረን አናውቅም። ሁለታችንም የምንከራከረው ስለ ቤቱ ነበር፤ ሁለታችንም የምንፈራው ግን እናቴን ነበር። የምትገባበትን ክፍል መጋረጃ ቀለም ቀድማ መርጣ ነበር።

ማን ነው ያፈረሰው?

ሻጩን ዋጋ እንዲቀንሱልን ለመንናቸው። «ቤቱን አይታችሁ ነው የተዋዋላችሁት። እኔ ለመሸጥ ዛሬም ዝግጁ ነኝ፤ ገንዘቡን አምጡ» አሉ። እኛ ደግሞ «በካርታና በፕላን የሌለ ነገር ነው የሸጡልን» አልን። ውሉን ያፈረሰው ማን ነው? እኛ ከሆንን ቀብዱ ቀረ። እሳቸው ከሆኑ እጥፉን ሊመልሱ ነው።

የሕግ ባለሙያ አማከርን፤ ለምክር 3 ሺህ ብር ከፈልን። ወረቀቶቹን አንብቦ እንዲህ አለን። «ክርክራችሁ ክብደት አለው። ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ ነው። ነገር ግን ገዢው ሊያየው ሲችል በከባድ ቸልተኝነት ያለፈውን ጉድለት ሕጉ በሻጭ ላይ አይጭንም። ካርታው እጃችሁ ላይ ነበር። ሜትር ይዛችሁ ሄዳችሁ ነበር ወይ ብሎ ዳኛው ቢጠይቃችሁ ምን ትላላችሁ?» ዝም አልን። «ስትከራከሩ ደግሞ ኪራይ እየከፈላችሁ ነው፤ የቤት ዋጋም አይጠብቃችሁም» አለ።

በሽማግሌ እንድንይዘው የመከረን አጎቴ ነው። በታኅሣሥ አንድ እሑድ፣ በዚያው ቤት፣ በዚያው ሳሎን ተሰበሰብን። ከእሳቸው ወገን የእድራቸው ዳኛና አንድ ጎረቤት፣ ከእኛ ወገን አጎቴና የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ቡፌው ወደ ቦታው ተመልሷል።

እውነቱን ለመናገር ወደዚያ የሄድኩት ሰውዬውን አጭበርባሪ ብዬ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ገንዘቡን ለምን አይመልሱላቸውም?» ሲሏቸው ግን አንገታቸውን ደፉ። «የለኝም» አሉ። የእኛን ቀብድ ለልጃቸው ሱቅ መግዣ ቀብድ አድርገው ከፍለውታል። ቀሪውን የሚከፍሉት እኛ ከምንከፍላቸው ነበር። የእኛ ባንክ ሲቀር የእሳቸውም ሱቅ ሊቀር ነው። «ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄ ሰርቪስ ከተሠራ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ሕጋዊ ነው ብዬ ረስቼዋለሁ»። ስለ ስንጥቁ ግን ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ሽማግሌዎቹ ወጣ ብለው ተማክረው ተመለሱ። ፍርዳቸው ከ250 ሺሁ 150 ሺሁን በሦስት ጊዜ እንዲመልሱልን፣ 100 ሺሁ እንዲቀርላቸው ሆነ። ተስማማን። ሰውዬው ቃላቸውን ጠበቁ፤ የመጨረሻውን 50 ሺህ በግንቦት ራሳቸው ይዘውልን መጡ።

ሒሳቡ

«ሁለት ወር» ያልነው ኪራይ አሥራ አራት ወር ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ያገኘነው ቤት እዚያው ጀሞ፣ ከለቀቅነው ቤት ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ ነው። ያው ባለ ሁለት መኝታ፣ ግን አራተኛ ፎቅ። እኛ በ1 ሚሊዮን 200 ሺህ የሸጥነውን ዓይነት በ1 ሚሊዮን 480 ሺህ ገዛነው።

የከሰርነውን አንድ በአንድ ልዘርዝርላችሁ። የቀረው ቀብድ 100 ሺህ። ኪራይ 98 ሺህ። የባንክ ማመልከቻና ግምት 3 ሺህ 500። መሐንዲስ 5 ሺህ። የሕግ ምክር 3 ሺህ። ሁለቴ ዕቃ ማጓጓዝ 6 ሺህ። የመጀመሪያው ቤት ሽያጭ ደላላ 24 ሺህ። የዋጋ ልዩነት 280 ሺህ። ለአዲሱ ቤት ስም ማዛወሪያ፣ ቴምብርና ደላላ 118 ሺህ 400። ድምሩ 637 ሺህ 900 ብር።

በሌላ አነጋገር፣ ስንጀምር ከዕዳ ነፃ የሆነ ቤትና 430 ሺህ ብር ጥሬ ገንዘብ ነበረን። ስንጨርስ ያንኑ የመሰለ ቤት፣ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ፣ ከባለቤቴ መሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበር 210 ሺህ ብር ዕዳ ጋር ያዝን። ከዝርዝሩ ውስጥ ከትንንሾቹ ወጪዎች አንዷን እዩልኝ፤ የመሐንዲሱ 5 ሺህ ብር ናት። ከቀብዱ በፊት ከፍለናት ቢሆን ኖሮ ሌላው ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ብንደግመው ኖሮ

ሁለተኛውን ቤት ስንገዛ ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ ለእናንተ የሚጠቅመው ይሄ ነው።

አንደኛ፣ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት የካርታውንና የፕላኑን ቅጂ ተቀብለን ባለሙያ ይዘን ሄድን። ያው ጎልማሳ መሐንዲስ መጣ፤ «ከእናንተስ ዳግም አልቀበልም» ብሎ በነፃ አየልን። ዕቃ አስነሳ፣ ከአልጋ ሥር አየ፣ ቧንቧ ከፈተ። አዲስ ቀለም ያለበትን ግድግዳ ጠጋ ብሎ ዳሰሰ። ሻጭ ዕቃ ማንሳት ካልፈቀደ ያም መልስ ነው።

ሁለተኛ፣ ክፍለ ከተማው ዘንድ ሄደን ቤቱ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣራን። ግቢ ያለው ቤት የምትገዙ ደግሞ ትርፍ ይዞታ አለበት ወይ፣ መንገድ ይነካዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ውሉ ውስጥ ያቺን ዓረፍተ ነገር አስገባን፤ «ባንኩ ወይም ገዢ የመረጠው መሐንዲስ በቤቱ ላይ ከካርታና ከፕላን የማይስማማ ነገር ወይም የግንባታ ጉድለት ካገኘ፣ ወይም ብድሩ ካልተፈቀደ፣ ሻጭ ቀብዱን ሳይቀንስ ይመልሳል»። የባለቤቴ እህት እንደነገረችን እነሱ ዘንድ ቤት የሚገዛ ሰው ይህን መሰል አንቀጽ ማስገባቱ የተለመደ ነው፤ በቁጥሩ ቀን ውስጥ ባለሙያ አስፈትሾ ካልተስማማው ገንዘቡን ይዞ ይወጣል። የእኛም ሕግ አልከለከለንም። ያልጠየቅነው እኛ ነን። በዚህኛው ውል ደላላው አልሳቀም፤ ሻጯም ምንም ሳይሉ ፈረሙ።

አራተኛ፣ ቀብዱን 30 ሺህ ብቻ አደረግነው። ቀብድ ቁርጠኝነት ማሳያ እንጂ የቤቱ ክፍያ አይደለም።

አምስተኛው ለእኛ ጊዜው ያለፈበት ምክር ነው፤ የምትገቡበት ሳይረጋገጥ የምትኖሩበትን አትልቀቁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ለቅመን እንኳ ሁሉንም አላገኘነውም።

ወጣቷ ባልደረባዬ በማግስቱ ቀብዱን አልከፈለችም። መሐንዲስ ይዛ ሄደች። ቤቱ ደህና ሆኖ አገኘችው፤ ከሳምንት በኋላ ገዛችው። «በከንቱ አስፈራራሽኝ» ብላ ሳቀችብኝ። በዚህ ሳቅ ግን አላፈርኩም።

እናቴ አሁንም ወንድሜ ዘንድ ናት። ለፋሲካ የብሎካችን ሁለት ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው አራት ፎቅ ያወጧታል፤ በየፎቁ እየመረቀቻቸው ትወጣለች። በረንዳችን ላይ ጠዋት ጠዋት ጥሩ ፀሐይ አለ። ሁለት ቀን ትሞቅና መውረጃዋ ይደርሳል።